ሁለት ሳምንት ዝም ያለውን ታይት ኤንድ ልልቀቀው ወይስ ልታገሠው?

በኮሎራዶ ግዛት፣ አውሮራ ከተማ የሚኖሩ አንባቢያችን የሚከተለውን ጽፈውልናል፦

«ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ፋንታሲ ፉትቦል (በእውነተኛ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ውጤት ነጥብ የሚሰበሰብበት የምናብ ቡድን ጨዋታ) መጫወት ከጀመርሁ ይህ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዐሥራ ሁለት ነን፤ ከመካከላችን አንዱ የአክስቴ ልጅ ሲሆን ዓምዳችሁን ስለሚከታተል የተጫዋቾቹን ስም ባልጠቅስ እመርጣለሁ። በየሳምንቱ አንድ ታይት ኤንድ (ኳስ የሚቀበልም ተከላካይ የሚገፋም ተጫዋች) እና አንድ ፍሌክስ (ከተለያየ ቦታ ተጫዋች የሚገባበት ነጻ ቦታ) እናሰልፋለን፤ ተጫዋቹ ለሚይዘው ለእያንዳንዱ ኳስም አንድ ሙሉ ነጥብ ይሰጠዋል። በድራፍቱ (ተጫዋቾችን በየተራ በምንመርጥበት ሥርዓት) አምስተኛ ዙር ላይ ስመ ጥር ታይት ኤንድ ወሰድሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ከተወረወሩለት 3 ኳሶች 2 ይዞ 22 ያርድ፣ በሁለተኛው ሳምንት ከ7 ኳሶች 3 ይዞ 31 ያርድ ብቻ አስመዘገበ። ማንም ያልመረጠው አንድ ሌላ ታይት ኤንድ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት የያዛቸውን 2 ኳሶች በ14 ያርድ ሁለቱንም ተችዳውን (ኳሱን ወደ ተጋጣሚው መጨረሻ ክልል ማስገባት) አደረጋቸው፤ በሁለተኛው ሳምንትም አንድ የ5 ያርድ ኳስ ይዞ እንደገና ተችዳውን አገባ። በሁለቱ ሳምንታት የተወረወሩለት ኳሶች በጠቅላላው 4 ናቸው። የእኔው በስልኬ ላይ እንደማየው ከቡድኑ ስናፖች (የማጥቃት ሙከራዎች) ከመቶ ሰማንያ ያህሉን ሜዳ ላይ ሲሆን፣ ያኛው ሲሦውን ያህል ብቻ ነው። ባልደረቦቼ ሁሉ ‹ምን ትጠብቃለህ? ልቀቀውና ያንን ውሰድ› ይሉኛል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ታይት ኤንዴን በአንድ ተጠባባቂ ራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች) እንድለውጠው ጠይቆኛል። ሁለቱንም ታይት ኤንዶች ባቆያቸውስ? በተጨማሪም እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ስለምሆን ስልኬን አልከፍትም፤ ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ የተጎዳ ተጫዋች አሰልፌ ዜሮ አግኝቻለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ውድ አንባቢያችን፣

አይልቀቁት። ቢያንስ አራተኛው ሳምንት እስኪጠናቀቅ ድረስ በቡድንዎ ያቆዩት፤ በሦስተኛው ሳምንትም ያሰልፉት። ይህን የምለው ለስሙ ወይም ላወጡበት የድራፍት ዙር አዝኜ አይደለም፤ እርስዎ ራስዎ በደብዳቤዎ ያሰፈሯቸው ቁጥሮች ባልደረቦችዎ ከሚሉት ጋር ስለማይስማሙ ነው።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በሊጋችሁ ደንብ ለተያዘ ኳስ 1፣ ለዐሥር ያርድ 1፣ ለተችዳውን 6 ነጥብ ነው ብለን ብንወስድ፣ የእርስዎ ተጫዋች በመጀመሪያው ሳምንት 4.2፣ በሁለተኛው 6.1፣ በድምሩ 10.3 ነጥብ አምጥቷል። ያኛው በመጀመሪያው ሳምንት 15.4፣ በሁለተኛው 7.5፣ በድምሩ 22.9 አምጥቷል። እስከዚህ ድረስ ባልደረቦችዎ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ከሁለተኛው ተጫዋች ነጥብ ላይ ሦስቱን ተችዳውኖች ያንሡና የቀረውን ይመልከቱ፤ 18 ሲቀነስ የሚተርፈው 4.9 ነው። ይህም ማለት ያ ተጫዋች በሁለት ሙሉ ጨዋታዎች ውስጥ የሠራው ሥራ፣ የእርስዎው ደከመ በተባለበት ጊዜ ከሠራው ግማሹን እንኳ አያህልም። አራት ኳስ ብቻ የተወረወረለት ሰው ሦስት ተችዳውን ማግባቱ ደስ የሚል ዕድል ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ያው ዕድል ይደገማል ብሎ ቡድን የሚያዋቅር ሰው ሊሳሳት የሚችልበት አጋጣሚ እጅግ ሰፊ ነው።

ታይት ኤንድ ከሌሎቹ ቦታዎች ሁሉ ይልቅ በመስከረም ወር ሰውን የሚያሳስተው የሥራው ጠባይ ሁለት ወገን ስለሆነ ነው። ተጫዋቹ ከመስመሩ ጫፍ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ግዙፉን ተከላካይ እየገፋ ለራኒንግ ባኩ መንገድ ይከፍታል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ እንደ ዋይድ ሪሲቨር ሮጦ ኳስ ይቀበላል። ስለዚህ «ሜዳ ላይ ነበር» የሚለው መረጃ ብቻውን አይበቃም፤ ሙሉ ቀን ሲገፋ ውሎ አንድም ኳስ ሳይወረወርለት የሚወጣ ታይት ኤንድ አለ። ሊጠይቁ የሚገባዎት ኳርተርባኩ ኳስ ሊወረውር ወደ ኋላ ባፈገፈገ ቁጥር የእርስዎ ሰው ራውት (ለመቀበል የሚሮጡበት የታቀደ መንገድ) ሮጦ ለኳስ ራሱን አዘጋጅቶ ነበር ወይስ ከመስመሩ ጋር ቀርቶ ይከላከል ነበር የሚለውን ነው። የተወረወሩለት ኳሶች ከ3 ወደ 7 ማደጋቸው ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ነው። ከሰባቱ አራቱን ባይዝም፣ ኳርተርባኩ ሰባት ጊዜ አይቶታል፤ ደጋግሞ ኳስ የሚወረወርለት ሰው ነጥቡ ይዘገይ እንደሆነ እንጂ አይቀርም።

በ2024 የውድድር ዘመን መጀመሪያ ላይ የሆነውን ላስታውስዎ፤ ከእርስዎ ሁኔታ ጋር ይህን ያህል የሚመሳሰል ሌላ ታሪክ አላውቅምና። ባልቲሞር ሬቨንስ ከካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ጋር ባደረገው የመክፈቻ ጨዋታ አይዛያ ላይክሊ የተባለው ሁለተኛው ታይት ኤንድ 9 ኳስ ይዞ 111 ያርድና አንድ ተችዳውን አስመዘገበ። በመጨረሻው ሴኮንድ የያዘው ኳስም ተችዳውን ተብሎ ከተፈረደ በኋላ የጫማው ጫፍ መስመሩን መንካቱ በምስል ስለታየ ተሻረ። ዋናው ታይት ኤንድ ማርክ አንድሩስ በዚያ ምሽት የያዘው 2 ኳስ፣ 14 ያርድ ብቻ ነበር። የዌይቨር (ማንም ያልያዛቸውን ተጫዋቾች የመውሰጃ) ጥያቄዎች በብዙ ሊጎች የሚፈጸሙት ረቡዕ ማለዳ ነውና፣ ያ ረቡዕ የ2017 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዕለት ነበር፤ ብዙ ሰው አዲሱን ዓመት የተቀበለው ላይክሊን በእጁ አስገብቶ ነው።

ከዚያ በኋላ የአንድሩስ ነገር ይባስ ብሎ ጨለመ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ጨዋታዎች አንድም ኳስ ሳይዝ ወጣ። ያን ጊዜ በእኔም ሊግ የነበረ አንድ ወዳጄ ተጫዋቹን ለቀቀው፤ በሚቀጥለው ቀንም ሌላው አነሣው። አንድሩስ የዓመቱን የመጀመሪያ ተችዳውን በስድስተኛው ሳምንት በዋሽንግተን ላይ አገባ፤ ዓመቱን የጨረሰውም በ55 ኳስ፣ በ673 ያርድና በ11 ተችዳውን ሲሆን፣ ይህ የተችዳውን ቁጥር እስከዚያ ድረስ በነበረው የጨዋታ ዘመኑ ከፍተኛው ነበር። ላይክሊስ? መልካም ተጫዋች ነው፤ ዓመቱን በ42 ኳስ፣ በ477 ያርድና በ6 ተችዳውን ፈጸመ። ከነዚያ 42 ኳሶች 9ኙ የተያዙት በዚያች በመጀመሪያዋ ምሽት መሆኑን ልብ ይበሉ።

እዚህ ላይ ከብዙ አንባቢዎቻችን ልምድ ጋር የሚጋጭ አንድ ነገር አለ፤ ጥቂት ልቆይበት። አብዛኞቻችን ወደዚህ ጨዋታ የመጣነው ከፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ ነው። በዚያኛው አንድን አጥቂ ሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ ሊይዙት ይችላሉ፤ ዛሬ የሸጥነውን በሚቀጥለው ሳምንት መልሰን እንገዛዋለን፤ ቢበዛ የምናጣው አራት ነጥብና ጥቂት ዋጋ ነው። በእርስዎ ሊግ ግን አንድ ተጫዋች ባለቤቱ አንድ ሰው ብቻ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን እርስዎ ያፈሰሱትን የሚለቅመው ሌላው ነው፤ ያውም በሚቀጥለው ወር ከእርስዎ ጋር የሚጋጠም ባልደረባዎ። ተጫዋችን ማሰለፍ ወይም ቤንች ላይ ማስቀመጥ በሳምንቱ የሚታረም ውሳኔ ነው፤ መልቀቅ ግን አይታረምም። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲገባዎት መጀመሪያ የሚታረመውን ይሞክሩ።

ተችዳውን ሳያገባ የሚጠቅም ታይት ኤንድ ይኖራል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ የአሪዞና ካርዲናልስን ትሬይ ማክብራይድ እጠቅስልዎታለሁ። በዚያው በ2024 ዓመት 111 ኳስ ይዞ 1,146 ያርድ አስመዘገበ፤ ከኳርተርባክ ተቀብሎ ያገባው ተችዳውን ግን 2 ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውም የመጣው በአሥራ ሰባተኛው ሳምንት ነበር። ለተያዘ ኳስ ሙሉ ነጥብ በሚሰጥ እንደ እርስዎ ባለ ሊግ ይህ ከ230 ነጥብ በላይ ነው። ባለቤቶቹ ወራት ሙሉ ስለ ተችዳውን ሲያማርሩ ከሊጉ ምርጥ ታይት ኤንዶች አንዱን በእጃቸው ይዘው ነበር።

ይህን ሁሉ ስል ግን ስም ያለውን ተጫዋች ዓመቱን ሙሉ ታቅፈው ይቀመጡ ማለቴ አይደለም፤ በ2022 የካይል ፒትስ ባለቤቶች የደረሰባቸው ይህ ነውና። ፒትስ በ2021 በእውነተኛው ሊግ ድራፍት በአጠቃላይ አራተኛ ሆኖ በአትላንታ ፋልከንስ የተመረጠ፣ በመጀመሪያ ዓመቱም 1,026 ያርድ ያስመዘገበ ወጣት ነበር፤ ተስፋው ትልቅ ነበር። በሁለተኛው ዓመቱ ግን ፋልከንስ ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ እጅግ ጥቂት ኳስ ከሚወረውሩት አንዱ ሆነ፤ ፒትስም በኅዳር ጉልበቱ ተጎድቶ እስኪወጣ ድረስ በ28 ኳስና በ356 ያርድ ተወሰነ። ችሎታው አልጠፋም፤ የሚከፋፈለው እንጀራ ራሱ ትንሽ ነበር። ስለዚህ የተጫዋቹን ድርሻ ብቻ ሳይሆን ቡድኑ በአንድ ጨዋታ ስንት ኳስ እንደሚወረውርም ማየት ያስፈልጋል። በጨዋታ ከሃያ አምስት ያነሰ ኳስ የሚወረውር ቡድን ታይት ኤንድ፣ ከመካከላቸው አምስት ቢደርሰው እንኳ ብዙ ደርሶታል።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ እስከ አራተኛው ሳምንት መጨረሻ የሚያደርጉትን ልንገርዎ። አንድ ወረቀት ይውሰዱና በየማክሰኞው ሦስት ቁጥር ይጻፉ፦ ለእርስዎ ሰው የተወረወሩለት ኳሶች፣ ቡድኑ በጠቅላላው የወረወራቸው ኳሶች፣ ኳርተርባኩ ሊወረውር ባፈገፈገባቸው ጊዜያት ተጫዋቹ ስንት ጊዜ ራውት እንደሮጠ። የመጨረሻው ቁጥር በስልክዎ ላይ ካልተገኘ የስናፕ ድርሻው ይተካዋል፤ ፍጹም አይደለም፣ ግን ያገለግላል። ነጥቡን አይጻፉ። ነጥቡን መተግበሪያው ይነግርዎታል፤ ዓይንዎንም የሚያሸፍተው እርሱ ነው። የተወረወሩለት ኳሶች በአማካይ ከአምስት ካላነሱና ከመቶ ሰባ በሚሆነው የውርወራ ጊዜ ራውት ከሮጠ፣ ተጫዋቹ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ይታገሡት። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ግን ኳሶቹ ወደ ሁለትና ሦስት ከወረዱ፣ ወይም ሌላ ታይት ኤንድ ቦታውን እየተጋራው እንደሆነ ካዩ፣ ያን ጊዜ እኔም ሐሳቤን እለውጣለሁ። ሁለት ሳምንት በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ አራት ሳምንት ግን የአሠልጣኙ ዕቅድ ነው።

ሁለቱንም ስለ ማቆየት ለጠየቁት፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል የሚለውን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ ለቤት ምሰሶ እውነት ነው። ቤንችዎ ግን ጠባብ ነው፤ የዓመቱ መጀመሪያ ደግሞ ራኒንግ ባኮች የሚጎዱበትና ተተኪዎቻቸው በአንድ ሌሊት ዋና የሚሆኑበት ጊዜ ነው፤ እዚያች ቦታ ላይ አንድ ተስፋ ያለው ራኒንግ ባክ ቢቀመጥ ከሁለተኛ ታይት ኤንድ የበለጠ ይጠቅምዎታል። የዕረፍት ሳምንቶችም በቅርብ ዓመታት የሚጀምሩት አብዛኛውን ጊዜ ከአምስተኛው ሳምንት ወዲህ ስለሆነ፣ አሁን መተኪያ የሚያስፈልግበት አስገዳጅ ምክንያት የለም። አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ እቀበላለሁ፤ ገና ማንም ያልወሰደው አዲስ ገቢ ወጣት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እንደ ዋና ተቀባይ ሲሠራ ካዩ ይውሰዱት። ቀደም ሲል አዲስ ገቢ ታይት ኤንድ ሁለቱን ሥራ እስኪለምድ አንድ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል ይባል ነበር፤ በአብዛኛው እውነት ነው። ነገር ግን ሳም ላፖርታ በ2023 ለዲትሮይት ላየንስ በመጀመሪያ ዓመቱ 86 ኳስ ይዞ 10 ተችዳውን አገባ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ብሮክ ባወርስ ለላስ ቬጋስ ሬደርስ 112 ኳስ ይዞ 1,194 ያርድ በማስመዝገብ ማይክ ዲትካ ከ1961 ጀምሮ ይዞት የነበረውን የአዲስ ገቢ ታይት ኤንዶች የያርድ ክብረ ወሰን ሰበረ። እርስዎ የጠቀሱት ሲሦ ስናፕ የሚጫወት ሰው ግን የዚህ ዓይነት ተጫዋች ምልክት የለውም።

ሌላው የምለምንዎ ነገር፣ በዚህ ወቅት «ይህ መከላከያ ለታይት ኤንድ ብዙ ነጥብ ይሰጣል» የሚለውን ሰንጠረዥ እንዳይከተሉ ነው። ከሁለት ጨዋታ በኋላ ያ ሰንጠረዥ የሚነግርዎት ስለ መከላከያው ጥንካሬ ሳይሆን እነማንን እንደገጠመ ነው። ሁለት ምርጥ ታይት ኤንዶችን ያስተናገደ ቡድን ከግርጌ ይቀመጣል፤ ማንም ያልፈተነው ከላይ ይወጣል። ሰንጠረዡ መታመን የሚጀምረው ከስድስተኛ ወይም ከሰባተኛ ሳምንት በኋላ ነው።

አሁን ወደ እሑድ ጠዋቱ ጉዳይ እንምጣ፤ ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ዜሮ ማግኘትዎ በእውነት አሳዝኖኛል፤ ይህ በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በሰዓት አለመገጣጠም የመጣ ጉዳት ነውና። በአሜሪካ ምሥራቁ ሰዓት አቆጣጠር ከቀትር በኋላ በ1 ሰዓት የሚጀምሩት ጨዋታዎች እርስዎ ባሉበት ከቀትር በፊት በ11 ሰዓት ይጀምራሉ። ቡድኖች የማይሰለፉ ተጫዋቾቻቸውን የሚያሳውቁት ጨዋታው ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ስለሆነ፣ ዝርዝሩ የሚወጣው በእርስዎ (በአሜሪካ አቆጣጠር) ጠዋት 9 ሰዓት ተኩል፣ ማለትም እርስዎ ቅዳሴ ላይ ቆመው ሳሉ ነው። ስለዚህ ውሳኔዎን ቅዳሜ ማታ ይጨርሱ። ቡድኖች የጉዳት ሁኔታን ለእሑድ ጨዋታ የሚገልጹት ዓርብ ነው፤ የእርስዎ ታይት ኤንድ ዓርብ ላይ አጠራጣሪ ተብሎ ከተመዘገበና ጨዋታውም የ11 ሰዓቱ ከሆነ፣ በዚያ ሳምንት በጤነኛ ተጫዋች ይተኩት። ጨዋታው ከሰዓት በኋላ በ2 ሰዓት ከ5 ወይም ከ25 ላይ፣ ወይም ማታ ከሆነ ግን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ስልክዎን ለመክፈት በቂ ጊዜ አለዎት። ከሁለት ተመጣጣኝ ተጫዋቾች መምረጥ ሲገጥምዎ ዘግይቶ የሚጫወተውን ይምረጡ፤ ለእርስዎ ሕይወት ይህ እንደ አንድ ሁለት ነጥብ የሚቆጠር ብልጫ ነው። እንዲሁም የሐሙስ ተጫዋች ሲያሰልፉ በፍሌክስ ቦታ አያስገቡት፤ በራሱ ቦታ ያስገቡትና ፍሌክሱን ለእሑድ ክፍት ይተዉት፤ ድንገት አንድ ሰው ቢጎድልብዎ ራኒንግ ባክም ሆነ ዋይድ ሪሲቨር ወይም ታይት ኤንድ ሊገባበት ይችላል።

የአክስትዎን ልጅ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ያቆየሁት ከሁሉም ይልቅ ጠቃሚ መረጃ ስለያዘ ነው። ሌሎቹ ባልደረቦችዎ ልቀቀው ሲሉ፣ እርሳቸው ግን ስጠኝ ብለዋል። ተጫዋቹ የማይረባ ቢሆን ኖሮ እስኪለቁት ጠብቀው በነጻ ያነሡት ነበር። ቅር ሳያሰኙ፣ በቀጥታና በአክብሮት፣ ታይት ኤንዱን የሚሰጡት በየሳምንቱ በሚያሰለፉት ራኒንግ ባክ ወይም ዋይድ ሪሲቨር ብቻ መሆኑን ይንገሯቸው፤ ለተጠባባቂ አይስጡ። ያም ልውውጥ ቢሳካ ለጥቂት ሳምንታት ታይት ኤንድ ከዌይቨር እየለዋወጡ መዝለቅ ይኖርብዎታል፤ አድካሚ ቢሆንም ጥሩ ራኒንግ ባክ ካገኙ የሚያዋጣ ልፋት ነው። እምቢ ካሉዎት ደግሞ ምንም አላጡም፤ ሰውየው አሁንም የእርስዎ ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት ያሰልፉት። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ በሚመጣው ማክሰኞ ያንን ወረቀት ፎቶ አንሥተው ቢልኩልኝ፣ ቁጥሮቹን አይቼ በዚሁ ዓምድ እመለስበታለሁ።